ቀጭን ነኝ፣ ቅቤም አላበዛም፤ ታዲያ ኮሌስትሮሉ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 41 ነው። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ነው። ቀጭን ነኝ። ሥጋ የምበላው በበዓል ነው፤ ጾምም እጾማለሁ። ታላቅ ወንድሜ በ44 ዓመቱ ‹ደረቴን› እንዳለ ሞተ። አባታችንም በ50 ዓመቱ በድንገት ነው የተለየን። ደንግጬ ስመረመር ጠቅላላ ኮሌስትሮል 290፣ ኤልዲኤል 214፣ ኤችዲኤል 46፣ ትራይግሊሰራይድ 150 ሆነ። ስኳርም ደም ግፊትም የለብኝም። ሐኪሙ አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም አዘዘልኝ። ሦስት ሳምንት ወስጄ ተውኩት፤ ጉበት ያበላሻል ሲሉኝ ፈራሁ። አሁን ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሎሚ በነጭ ሽንኩርት በሙቅ ውሃ ታጠጣኛለች፤ የደም ስር ላይ የተጋገረውን ቅባት ያጥባል ይላሉ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ኮሌስትሮል እኮ ለሴል ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ ሴልህን ያስርበዋል› አለኝ። ሴል የሚፈልገው ነገር እንዴት የደም ስር ይዘጋል? መድኃኒቱንስ ዕድሜ ልኬን ልወስድ ነው?»

መልስ፦ ከጓደኛዎ ልጀምር። ግማሹን ልክ ነው፤ የተሳሳተው ግማሽ ግን ሰው ይገድላል።

ኮሌስትሮል መርዝ አይደለም። የየትኛውም ሴል ሽፋን ያለ እሱ አይቆምም። ጉበት ሐሞት የሚያዘጋጀው ከእሱ ነው። የወንድም የሴትም ሆርሞን መነሻው እሱ ነው። ችግሩ በውሃ አለመሟሟቱ ነው። ቅቤ ወጥ ላይ ሲንሳፈፍ አይተዋል አይደል? ኮሌስትሮልም ደም ውስጥ ብቻውን መጓዝ አይችልም። ስለዚህ ጉበት ጠቅልሎ፣ ከሌላ ስብ ጋር አሽጎ ይልከዋል። እሽጉ በየመንገዱ ስቡን ለጡንቻና ለሌላው አካል እያራገፈ ሄዶ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ኮሌስትሮል የበዛበት ትንሽ እሽግ ይቀራል። ኤልዲኤል የምንለው ይሄ ነው።

ኤልዲኤልን «መጥፎ ኮሌስትሮል»፣ ኤችዲኤልን «ጥሩ ኮሌስትሮል» የሚባለውን ለጊዜው ይርሱት። ኤልዲኤል ውስጥም ኤችዲኤል ውስጥም ያለው ኮሌስትሮል ያው አንድ ነው። ተሳፋሪው አልተለወጠም፤ የተለያየው ባጃጁ ነው።

ኤልዲኤልን በቅርብ እንያት። ክብ ናት፤ ወርዷ 22 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊሜትር ሺህ ቦታ ቢከፈል፣ በአንዷ ክፋይ ላይ 45 ያህሉ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ሆዷ ውስጥ ብቻ 1500 የሚሆኑ የኮሌስትሮል ሞለኪውሎች ታጭቀዋል። ዙሪያዋን አንድ ረጅም ፕሮቲን እንደ መቀነት ጠምጥሟታል። አፖ ቢ ይባላል፤ 4536 አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ነው። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ መቀነት ነው። ሴል ኤልዲኤልን የሚለያት በመቀነቷ ነው። የደም ስር ግድግዳም ጠልፎ የሚያስቀራት በዚሁ መቀነት ነው።

አሁን ወደ በሩ እንሂድ። በሴሎች ሽፋን ላይ ኤልዲኤልን የሚጠብቁ ተቀባዮች አሉ። እጃቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው የቆሙ ፕሮቲኖች ናቸው። ኤልዲኤል ስታልፍ መቀነቷን ጨብጠው ያስቀሯታል። ቀጥሎ የሚሆነውን ለተማሪዎች ሳስረዳ ቡሐቃ ውስጥ ያለ ሊጥ ነው የምጠቅሰው። ሊጥ ላይ አንድ ፍሬ ባቄላ አስቀምጠው በጣትዎ ይጫኑት። ሊጡ ይሰረጉዳል። ጣትዎን ሲያነሱ አፉ ቀስ ብሎ ይገጥምና ባቄላው ውስጥ ይቀራል። ሴሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ተቀባዮቹ የሚሰበሰቡት ስርጉድ ያለ ቦታ ላይ ነው። ቦታው ከስር ክላትሪን በሚባል ፕሮቲን እንደ ሰፌድ ተሰፍቷል። እየጎደጎደ፣ እየጎደጎደ ይሄድና አፉ ሲገጥም ትንሽ ከረጢት ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል።

የከረጢቱ ውስጥ ወዲያው ይኮመጥጣል። አሲድ ሲሆን ተቀባዩ የጨበጠውን ይለቃል። ኤልዲኤል ላይሶዞም ወደሚባለው የሴሉ ወፍጮ ትሄድና ትፈጫለች። ተቀባዩ ግን አብሮ አይፈጭም። ባዶ እጁን ወደ በሩ ተመልሶ ሌላ ይጨብጣል። አንዱ ዙር 10 ደቂቃ ገደማ ነው። የአንድ ተቀባይ ዕድሜ 20 ሰዓት ያህል ነው። በዚያች ዕድሜው ከመቶ ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ከመናኸሪያ ፒያሳ የሚሠራ የትኛውም ባጃጅ በቀን ይህን ያህል ምልልስ የለውም።

ኮሌስትሮሉ ሲገባ ሴሉ ዝም ብሎ አይቀበልም። የራሱን ኮሌስትሮል መሥራት ያቆማል። የተረፈውን ያከማቻል። ከዚያ ደግሞ አዲስ ተቀባይ መሥራት ይቀንሳል። ጎተራው ሲሞላ በሩን ገርበብ ያደርጋል ማለት ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሴል በዚህ በር ከሚፈልገው በላይ አያስገባም። ጓደኛዎ ያልነገረዎት ይህን ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ከቆዳ ቁራጭ ነው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ በዳላስ ቴክሳስ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ከቆዳ የተወሰዱ ሴሎችን ላብራቶሪ ውስጥ ያሳድጉ ነበር። የጤነኛ ሰው ሴል ላይ ኤልዲኤል ሲጨምሩ ሴሉ ኮሌስትሮል መሥራቱን አቆመ። በልጅነታቸው ልባቸው በሚታመም፣ ኮሌስትሮላቸው እጅግ ከፍ ባለ ሕፃናት ሴል ላይ ሲጨምሩ ግን ሴሉ ምንም እንዳልመጣ ሥራውን ቀጠለ። በር የለውማ! ውጭ ሞልቶ ተርፎ፣ እሱ ውስጥ ሆኖ የራሱን ያመርታል። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ፒትስበርግ ውስጥ፣ ይኸው በሽታ ከሁለቱም ወላጆቿ የደረሳት የስድስት ዓመት ልጅ ልብና ጉበት አንድ ላይ ተተከለላት። ኮሌስትሮሏ ከ1000 በላይ ነበር። አዲሱ ጉበት ከገባ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ300 በታች ወረደ። ምግቧ አይደለም የተቀየረው። ጉበቷ ነው፤ ከነ በሮቹ።

ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን በዋናነት የሚለቅመው ጉበት ነው፤ ከመቶ ወደ 70 ያህሉን። ስለዚህ የእርስዎ 214 የሚነግረኝ ምን እንደበሉ ከሚለው ይልቅ ጉበትዎ ስንት በር እንዳለው ነው። ቀጭን መሆንዎ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አይመሰክርም። ትራይግሊሰራይድዎ መጠነኛ ሆኖ፣ ስኳር ሳይኖርብዎ፣ ኤልዲኤልዎ ብቻ ተነጥሎ እንዲህ መውጣቱ፣ በዚያ ላይ ወንድምዎ በ44፣ አባትዎ በ50 መሞታቸው፣ የሚያመለክተው ወደ አንድ ነገር ነው፤ በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል። ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ አለበት፤ ብርቅ በሽታ አይደለም። ከአንድ ወላጅ የተበላሸ ዘረ መል የወረሰ ሰው የሚሠራለት ተቀባይ በግማሽ ያንሳል። ኤልዲኤል ደሙ ውስጥ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ቆይታ መውጣት ሲገባት አራት ቀን ተኩል ያህል ትንሸራሸራለች። ያ ሰው ጎመን ብቻ ቢበላም ቁጥሩ እንዲሁ አይወርድለትም።

በደብዳቤ ምርመራ አይጨረስም፤ ስለዚህ ሁለት ነገር ይጣራልኝ። የመጀመሪያው የእንቅርት ዕጢ ነው። የዕጢው ሆርሞን ሲያንስ የጉበት ተቀባዮችም ያንሳሉ፤ ኤልዲኤል ይወጣል። ቀላል የደም ምርመራ ነው። ሁለተኛው ኩላሊት ነው፤ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ካለ ይታይ። ከዚያ የሚያይዎት ሐኪም ቁርጭምጭሚትዎን ይንካ። ይህን የምለው ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ነው። ሰውየው ተንበርክኮ ወንበር ላይ ሲወጣ ከተረከዙ በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ ይዤ ወደ ላይ እሄዳለሁ። የጤነኛ ሰው ጅማት ቀጥ ያለ ገመድ ነው፤ ጠርዙ ይታወቃል። የእነዚህ ሰዎች ጅማት ግን ይወፍራል፣ አንዳንዴም ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ኮሌስትሮል እዚያ ተከማችቶ ነው። ጫማው ስለሚጠበው የመጣ ሰው አይቻለሁ፤ ልቡን ያነሳ አልነበረም። ሁሉም ላይ ግን አይታይም፤ ስለዚህ ጅማቱ ቀጭን ነው ተብሎ ነገሩ አይዘጋም።

ወደ ደም ስር እንምጣ። «የተጋገረ ቅባት» የሚለው አባባል ነው ሰዉን የሚያሳስተው። የእቃ ማጠቢያ ቱቦ ላይ የሚለጠፍ ጭቅቅት ይመስላል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ሙቅ ውሃም በበቃው ነበር። ነገሩ የሚፈጠረው ደም በሚያልፍበት ክፍት ቦታ ላይ አይደለም። ከውስጠኛው ሽፋን ስር፣ ግድግዳው ውስጥ ነው። ግድግዳው ተለስኖ፣ ከልስኑ ስር እንደሚያብጥ እርጥበት አድርገው ያስቡት። ከላይ ቢያጥቡት አይነካም።

ኤልዲኤል ትንሽ ስለሆነች በሽፋኑ አልፋ ግድግዳው ውስጥ ትገባለች። ከደም ግፊት፣ ከሲጋራ ወይም ከስኳር የተነሳ ሽፋኑ ሲጎዳ ይብሳል፤ የደም ስር በሚታጠፍበትና በሚከፈልበት ቦታ ላይም እንዲሁ። ያለ እነዚህም ግን ትገባለች። ብዙዎቹ ተመልሰው ይወጣሉ። አንዳንዶቹን ግን ግድግዳው ውስጥ ያሉ ዝልግልግ ክሮች በመቀነታቸው ይይዟቸዋል። እዚያ የቀረችው ኤልዲኤል ትበላሻለች፤ እንደ ቆየ ቅቤ ትሻግታለች። ሰውነት ይህን እንደ ቁስል ያየዋል። ማክሮፌጅ የሚባሉ፣ ሥራቸው ቆሻሻ መብላት የሆነ ነጭ የደም ሴሎች ተጠርተው ይመጣሉ።

እዚህ ላይ ብራውንና ጎልድስታይን አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው። እነዚያ ጨርሶ ተቀባይ የሌላቸው ሕፃናት የደም ስራቸው ግድግዳ በኮሌስትሮል በተሞሉ ማክሮፌጆች ተጨናንቋል። በር ከሌላቸው በየት ገባላቸው? መልሱ በ1979 መጣ። ማክሮፌጅ ሌላ በር አለው። በዚያ በር የሚገባው ጤነኛ ኤልዲኤል አይደለም፤ የተበላሸችው ናት። ይሄኛው በር ደግሞ ጎተራው ሲሞላ ገርበብ አይልም። ተቆጣጣሪ የለውም። ማክሮፌጁ ይበላል፣ ይበላል፤ በመጨረሻ ሆዱ በስብ ነጠብጣብ ይሞላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሳሙና አረፋ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፣ አረፋማ ሴል። እነዚህ ሴሎች ሲሞቱ የያዙትን እዚያው ይዘረግፉታል። በላዩ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው ቀጭን ከሆነ አንድ ቀን ይቀደዳል። ደም ከዚያ ዝቃጭ ጋር ሲገናኝ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። ወንድምዎ ላይ የደረሰው ይህ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ፤ ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ «ደረቴን» የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ደም ስሩ ቀስ በቀስ ጠቦ ጠቦ የተዘጋ አይደለም።

እንግዲህ የጥያቄዎ መልስ ይህ ነው። ሴል የሚፈልገው ኮሌስትሮል በተቆጣጠረው በር ይገባል። የደም ስር የሚያበላሸው፣ ጉበት ሳይለቅመው ደም ውስጥ የቆየውና መቆጣጠሪያ በሌለው በር የገባው ነው። አንደኛው በር ሲያንስ ሁለተኛው ይሠራል።

ይህ የሽማግሌ በሽታም አይደለም። የኛ ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች ልባቸው ተመርምሮ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነው። በ1953 የወጣው ውጤት፣ ከመቶ 77ቱ ላይ የልብ ደም ስር በሽታ ምልክት መገኘቱን ያሳያል። እርስዎ ደግሞ ይህን ቁጥር ተሸክመው 41 ዓመት ሆኖዎታል። የሚቆጠረው የዛሬው 214 ብቻ አይደለም፤ 214 በዓመታት ተባዝቶ ነው።

የመድኃኒቱ አሠራር አስገራሚ ነው። አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጋታዎችን ሲመረምር ቆይቶ፣ ኮሌስትሮል የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያግድ ነገር አገኘ። ጽሑፉ በ1976 ወጣ። ሻጋታው እንጀራ ላይ ከሚወጡት የአንዱ የቅርብ ዘመድ ነው። (የሻገተ እንጀራ ብሉ ማለቴ አይደለም!) እንዲህ የሚያግዱ መድኃኒቶች ስታቲን ይባላሉ፤ የእርስዎ አቶርቫስታቲንም ከእነሱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው ስታቲን ገበያ ላይ የዋለው በ1987 ነው። ጓደኛዎ «ያስርበዋል» ያለው ይህን እገዳ ሰምቶ መሆን አለበት። ጉበት ሴል ውስጥ መሥራቱ ሲቀንስ ሴሉ እጥረት የመጣ ይመስለዋል። ምን ያደርጋል? በሩ ላይ ተጨማሪ ተቀባይ ያቆማል። ከደም ይለቅማል። ሴሉ አይራብም፤ ከደጅ ያስገባል። ቁጥሩ የሚወርደው በዋናነት በዚህ ነው። የእርስዎ ዓይነት ሰው አንዱ ዘረ መል ስለሚሠራለት፣ መድኃኒቱ ያንኑ ጤነኛውን ጠንክሮ ያሠራዋል።

በጣም ቢወርድስ ብለው አይስጉ። የተወለደ ሕፃን ኤልዲኤል 30 አካባቢ ነው፤ አንጎሉ እንደዚያ በሚያድግበት ጊዜ። አንጎል የራሱን ኮሌስትሮል ራሱ ይሠራል፤ ከደም ኤልዲኤል አይጠብቅም። በተጨማሪም ተፈጥሮ ራሷ የሠራችልን ሙከራ አለ። ፒሲኤስኬ9 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሥራው ተቀባዩን ይዞ ወደ ወፍጮው መክተት ነው። አንዳንድ ሰዎች ሲወለዱ ጀምሮ ይህ ፕሮቲን ያንሳቸዋል፤ ተቀባያቸው ይበዛል። በ2006 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዲህ ያለ ዘረ መል ያላቸውን ጥቁሮች ተከታተለ። ኤልዲኤላቸው ከሌላው በ28 በመቶ ያነሰ ነበር። የልብ ደም ስር በሽታቸው ግን በ88 በመቶ ነው ያነሰው። ከልጅነት የጀመረ ትንሽ ቅነሳ፣ ዘግይቶ ከመጣ ትልቅ ቅነሳ ይበልጣል።

ጉበት ያሉት ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከመቶ ሰው አንድ ያህሉ ላይ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ይላል፤ መጠኑ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ይመለሳል። ከባድ የጉበት ጉዳት በጣም ብርቅ ነው። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጊዜ ይለኩ፤ ሄፓታይተስ ቢም አብሮ ይታይ፤ በአገራችን ስለሚበዛ ነው። ጡንቻ ማመም ይኖራል ይባላል። ይኖራል፤ ግን በትክክል በተደረጉ ጥናቶች መድኃኒት የሌለበትን እንክብል የወሰዱትም ከሞላ ጎደል እኩል አመመን ይላሉ። ለስኳር ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ትንሽ ቀድሞ ሊገባበት ይችላል፤ እርስዎ ስኳር ስለሌለብዎ በየዓመቱ መለካት ይበቃል። በእውነት የሚያስቆመው ይህ ነው፦ ጡንቻው በኃይል ዝሎ፣ ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁመው የዚያኑ ቀን ይሂዱ። ሌላ ሐኪም ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ካዘዘልዎ ስታቲን እንደሚወስዱ ይንገሩት። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ያለ ሐኪም ምክር አትውሰደው።

ሎሚና ነጭ ሽንኩርቱን በተመለከተ ባለቤትዎን አይቀየሟቸው። ጨጓራዎን ካልነካ ይጠጡት። ግን ሆድ ውስጥ የገባ ሎሚ የደም ስር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚያጥብበት መንገድ የለም። ጉዳቱ ሎሚው አይደለም፤ በሎሚው ተተክቶ የቀረው እንክብል ነው።

ምግብስ? ይረዳል፣ ግን ለእርስዎ ብቻውን አይበቃም። ጥሩ የምግብ ለውጥ ኤልዲኤልን ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢያወርድ ነው። ከ214 ላይ ይቀንሱት፤ ገና ከ180 በላይ ነዎት። የሚጎዳው ኮሌስትሮል ያለበት ምግብ ነው ብሎ ሰው እንቁላል ላይ ይጨክናል። ዋናው ግን የሚረጋው ስብ ነው፤ ቅቤ፣ ጮማ፣ የፓልም ዘይት። ይህ ስብ የጉበትን ተቀባይ ያስቀንሳል፤ ያንኑ በር ነው የሚዘጋው። የዘይት ጀሪካን ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ያስቀኛል። ከተክል የወጣ ዘይት ሁሉ ከኮሌስትሮል ነፃ ነው! ፓልም ግን ግማሹ የሚረጋ ስብ ነው። ጠዋት ብርድ ሲሆን ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ከረጋ አውቀውታል። ኑግ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ ይሻላሉ። ቡርሳሜ የሚወዱ ከሆነ ቆጮው ምንም አላደረገም፤ የሚዋኝበት ቅቤ ነው። አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ ቢበሉ ደስ ይለኛል፤ ቆሮሶው ላይ ችግር የለም፣ መጥበሻው ውስጥ ደጋግሞ የጠቆረውን ዘይት ነው የማልወደው። በሶና አጃ፣ ባቄላና ሽሮ ሐሞትን አንጀት ውስጥ ይዘው ስለሚያስወጡ ጉበት ኮሌስትሮል እንዲለቅም ያስገድዱታል። ጀበና ቡና ደግሞ ሳይጣራ ከተጠጣ ኤልዲኤልን ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ቅባት አለው። ከቡናው ተለዩ አልልም፤ አተላውን ግን አይጠጡት፣ ሦስተኛውንም ይለፉት።

አንድ የመርመሪያ ወጥመድ ልንገርዎ። ሁዳዴ ሲያበቃ የሚለካ ኤልዲኤል ወርዶ ይታያል። ሰው ያንን ይዞ «ዳንኩ» ይላል። ጾሙ ጥሩ ነው፤ ግን ከፋሲካ ወር ሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ያው ነው። ትኩሳት ይዞዎት ወይም ሆስፒታል ተኝተው ሳለም ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። ተራ በሆነ ሳምንት ይለኩ።

ኤችዲኤል 46 ስለሆነ አይጽናኑበት። ከደም ስር ኮሌስትሮል ለመመለስ ይረዳል፣ እውነት ነው። ግን ኤችዲኤልን ብቻ ከፍ እንዲያደርጉ የተሠሩ መድኃኒቶች ተሞክረው ልብን አላዳኑም፤ በ2006 አንደኛው ሞት ስላበዛ ሙከራው ተቋርጧል። የምንሠራው ኤልዲኤል ላይ ነው።

ስለዚህ የማዝዝዎት ግልጽ ነው። የጉበት ኢንዛይሙንና የእንቅርት ዕጢውን በዚህ ሳምንት ያስለኩና አቶርቫስታቲኑን መልሰው ይጀምሩ። 20 ሚሊግራም ከ214 ወደ 120 አካባቢ ሊያወርድዎ ይችላል፤ ለእርስዎ አይበቃም። ከሐኪምዎ ጋር ወደ 40 ወይም 80 ስለማሳደግ ይነጋገሩ። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ግን እጥፍ አያወርድም፤ በእያንዳንዱ እጥፍ የሚጨመረው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ስታቲኑ ላይ ብቻ ከመግፋት፣ ኮሌስትሮል ከአንጀት እንዳይገባ የሚያግደውን ኢዜቲማይብ መጨመር ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ወደ 20 በመቶ ተጨማሪ ያወርዳል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ይለኩ። ግባችን ከ100 በታች፣ ቢቻል ከ70 በታች ነው። ፒሲኤስኬ9ን የሚያግዱት መርፌዎች ከ2015 ጀምሮ አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለአብዛኞቻችን የሚታሰብ አይደለም። ኤልዲኤል በ39 በወረደ ቁጥር ሃርት አታክና ስትሮክ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። የእርስዎ ስሌት ይህ ነው። ኢሲጂም (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሱ። ደረትዎን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ህመም ከመጣ «ጋዝ ነው» ብለው ሎሚ አይጠጡ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ዕድሜ ልክ ነው ወይ ላሉት፣ አዎ። ዘረ መሉ አይለወጥም፤ እንክብሉ ሲቆም በሮቹ በሳምንታት ውስጥ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ቀድሞ የተሠራውን ጠባሳም ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ያረጋጋዋል፣ እንዳይቀደድ ያጠነክረዋል፣ አንዳንዴም ትንሽ ያሳንሰዋል። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባልዎት ሰው ካለ የሚሸጠው ነገር አለው።

የቀረው የእርስዎ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምርመራው እንደገመትኩት ከሆነ፣ እያንዳንዱ ልጅዎ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ልጆች ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ አንድ ጊዜ ይለኩ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ የሕፃናት ሐኪም ከ8 ወይም ከ10 ዓመት ጀምሮ መድኃኒት ሊጀምርላቸው ይችላል። እህት ወንድሞችዎም ይለኩ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የሟቹን የወንድምዎን ልጆች ይዘው ይሂዱ። ማንም አላሰባቸው ይሆናል።